ብድግ ሲሉ የተሰጠ ድምፅ

በኮሎምበስ ጠርዝ ላይ ባለችው ትንሿ ከተማችን፣ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል አለ። ምንጣፉ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል። ጠረጴዛዎቹ ታጣፊ ናቸው፤ የአንደኛው እግር ስለማይጠብቅ ተማሪ ሲደገፈው ይንበረከካል። ማታ ማታ ትምህርታቸውን በልጅነት ላልጨረሱ ሰዎች ትምህርት የሚሰጠው እዚያ ነው። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት እዚያ ነው፤ ልጆቼ በቁመት ከበለጡኝ በኋላ። አሁን ቀን ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ትምህርት ባለበት ማታ ደግሞ ወደዚያው ክፍል ተመልሼ ንባብ አግዛለሁ። ትልቅ ሰው ማንበብ ሲጀምር ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ያን ማየት እወዳለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከተማሪዎቹ አንዷ ጎረቤቴ ነበረች። ኢስተን አካባቢ ባለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። መኪና የላትም፤ የማታው ትምህርት ክፍል ግን ከአፓርትመንታችን በእግር ይደረሳል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎቹ ሒሳብ ብቻ ቀርቷታል። ሒሳቡን ካለፈች ሆቴሉ ተቆጣጣሪ ሊያደርጋት ተስማምቷል። ወገቧ ፍራሽ ማንሳት እምቢ እያላት ስለነበር ነገሩ ለእሷ የማዕረግ ጉዳይ አልነበረም።

ሕንጻው ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት የሚሆነው የከተማው ምክር ቤት በየዓመቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ሦስት አባላት አንፈቅድም አሉ፤ ማታ ማታ የማናውቀው ሰው ይገባል፣ መብራትም በከንቱ ይቃጠላል ብለው። ሦስቱ ይፈቀድ አሉ። ሰባተኛው ወንድሜ ነበሩ።

ታላቅ ወንድሜ ከእኔ በብዙ ይበልጣሉ፤ አንተ ብያቸው አላውቅም። ጎሚስታ ቤት አላቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኛ ሰው ለዚያ ምክር ቤት ሲመረጡ የመጀመሪያው ናቸው። ሲወዳደሩ በየቤቱ እየዞሩ ከተናገሩት ነገር አንዱ ይኸው የማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ማንም አልሰጋም። «ያለቀ ነገር ነው፣ ተኝታችሁ እደሩ» አሉን።

ቀድሞ ድምፅ የሚሰጠው በአፍ ነበር። ጸሐፊዋ ስም ትጠራለች፣ አባሉ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ይላል፣ ያልቃል። ዘመናዊ እንሁን ተባለና በየጠረጴዛው ላይ ቁልፍ ተተከለ፤ አረንጓዴው መደገፊያ፣ ቀዩ መቃወሚያ፤ የተጫኑት ግድግዳው ላይ ባለ ሰሌዳ ከስማቸው ጎን ይበራል። ለልምምድ ቫኒላ ይሻላል ወይስ ቸኮሌት ተብለው ሲጫኑ አይቻለሁ። እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። ቀዩ ቁልፍ የተተከለው ከጠረጴዛው ዳር ነው፤ ሰው ሲነሣ መዳፉን በሚያሳርፍበት በኩል። ይህን ያየ ባለሙያ አልነበረም፤ ወይም ያየው ባለሙያ ሰው ሲነሣ በምን እንደሚደገፍ አላሰበም።

የድምፁ ዕለት ጎረቤቴና እኔ ምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የሆቴሉን ልብስ እንደለበሰች ነበረች። ሰብሳቢዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ሐሳቡን አነበበችና ድምፅ መስጠት ተጀምሯል አለች። ልክ በዚያ ጊዜ በሩ ተከፈተና አባባ ገቡ።

አባባ የሰፈራችን ሰው ሽማግሌ፣ የሁላችንም አባባ ናቸው። እርጅና ጉልበታቸውን እንጂ አፋቸውን አልያዘም። የማታ ትምህርቱን ሊደግፉ፣ ካስፈለገም ሊናገሩ ነበር የመጡት፤ የሚያመጣቸው ሰው ዘግይቶባቸው ነው። ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ወንድሜ ቀና አሉ፣ አዩአቸው፣ ብድግ አሉ።

አስበው አልነበረም። የእሳቸው ዘመን ሰው ሽማግሌ ሲገባ የሚነሣው አስቦ አይደለም፤ ትንኝ ስትመጣ ዓይን እንደሚጨፈነው ነው። ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ዳር አሳርፈው፣ ወገባቸውን ሰበር አድርገው፣ በዓይናቸው እጅ ነሡ። ሰሌዳው ላይ ከስማቸው ጎን ቀይ በራ።

እኔ አየሁ። ጸሐፊዋም አየች መሰለኝ፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ሰብሳቢዋ ደንቡን ጠብቃ «ድምፁን የሚያስተካክል አባል አለ?» ብላ ጠየቀች። የአውሮፕላን አስተናጋጅ ቀበቶ እሰሩ እንደምትለው ነበር አጠያየቋ። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ፊታቸውን ወደ አዳራሹ አዙረው በሁለት እጃቸው ለአባባ ባዶ ወንበር እያሳዩ ነበር። «እዚያ፣ እዚያ ጋ!» ይላሉ በእጃቸው። መዶሻው ተመታ።

«አለፈ?» አለች ጎረቤቴ።

«ወደቀ።»

«እንዴት ይወድቃል? ጋሼ አሉልን አይደል?»

«ጋሼ ናቸው የጣሉት።»

ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት። ፊቴን አየችና ሳቋን ተወች።

ወንድሜ ተቀምጠው ሰሌዳውን ሲያዩ ፊታቸው ሲለዋወጥ ከተቀመጥኩበት ታይቶኛል። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። የዛፍ መከርከም ውል ቀረበ፤ ዝም። የውሻ መናፈሻ አጥር ቀረበ፤ ዝም። ማይክሮፎኑ ከአፋቸው የአንድ ክንድ ርቀት እንኳ የለውም። ለአጥሩ አረንጓዴውን ተጫኑ፤ በሌባ ጣታቸው፣ ጎንበስ ብለው፣ መርፌ እንደሚያሾልክ ሰው ተጠንቅቀው።

ስብሰባው ሲያልቅ አባባ ከዘራቸውን ለጎረቤቴ ሰጥተው ወንድሜን በሁለት እጅ ያዟቸው። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው ነገሩ ያለፈ መስሏቸዋል። «ተባረክ! የወገን ልጅ! ክፍሉን አተረፍክልን!» አሏቸው።

ወንድሜ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አሜን» አሉ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ጎረቤቴ ድምጿን ዝቅ ማድረግ አልቻለችም። «ቆይ እስኪ ንገሪኝ፣ ወንድምሽ በመቀመጫቸው ነው እንዴ ድምፅ የሚሰጡት? ሲቀመጡ ይደግፋሉ፣ ሲነሡ ይቃወማሉ?»

«ነገ ያስተካክሉታል» አልኩ። አምኜ ነበር ያልኩት።

በማግሥቱ ምንም አልተስተካከለም። ወደ ጸሐፊዋ ኮል አደረግኩ፤ አሠራሩን እንድታስረዳኝ ብቻ። ሥራዋን የምትወድ ሴትዮ ናት፤ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የወደቀ ሐሳብ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ የሚችለው ካሸነፈው ወገን ጋር ድምፅ የሰጠ አባል ብቻ ነው። ያም እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እስከ ዓመት መጠበቅ ነው። የተሸነፉት ሦስቱ ምንም ቢናደዱ መጠየቅ አይችሉም።

«ስለዚህ ወንድሜ…»

«ወንድምሽ ከአሸናፊዎቹ ጋር ነው የሚቆጠሩት» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ሐዘኔታ ነበረ።

የሰበረው ሰው ብቻ የሚጠግነው ዕቃ አይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሶፋው ላይ ኳስ እያዩ አገኘኋቸው፤ ኮሌጅ ያለችው ልጃቸው ወለሉ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚናገሩት?»

«ምኑን?»

«ስህተቱን ነዋ።»

ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀነሱ። «እኔ እኮ ነገሩን ሳስበው፣ ሳስበው… ማሞቂያው ስንት ሰዓት ነው የሚነድደው? ጥበቃ የለ። አንድ ሰው በረዶ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? የአንድ ወገን ብቻ አይደለሁም፤ የከተማው ተወካይ ነኝ።»

«ይህን ያሰቡት ከተጫኑት በኋላ ነው።»

«ሰው በኋላ ማሰብ ተከለከለ?»

ልጃቸው ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳታነሣ፣ «ዳድ፣ ዩ ሂት ዘ ሮንግ በተን። ጀስት ሴይ ኢት» አለች።

«ሰማሽ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ «የተጫንከው የተሳሳተ ቁልፍ ነው፤ በለውና ተገላገል ነው የምትለኝ። ለእነሱ ሁሉ ነገር በለውና ተገላገል ነው!»

«ልክ ናት» አልኩ።

«አንቺም ከእሷ ጋር አበርሽ?»

ከዚያ ዋናው መጣ። እዚያ ሰፈር ስንት ዓመት ጎማ ሲቀይሩ ሰላም ብሏቸው የማያውቅ አንድ ሰውዬ በማግሥቱ ጎሚስታ ቤታቸው ድረስ መጥቶ እጃቸውን ጨብጧል። በራስህ ጭንቅላት የምታስብ ሰው ነህ ብሏቸዋል። ጎማ እንኳ አላስቀየረም፤ ለዚሁ ብቻ ነው የመጣው። ወንድሜ ይህን ሲያወሩ ትከሻቸው ከፍ ይል ነበር። እኔ ደግሞ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። አንድ መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ዐረፈ፤ ከመዳፉ ሥር አቋም በቀለ፤ አቋሙ ጨባጭ አገኘ። ትንሽ ቢቆይ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

በዚያው ሳምንት ጎረቤቴ ሌላ የማታ ትምህርት ልትሞክር ፍራንክሊንተን ሄደች። ሁለት አውቶብስ ነው። አንደኛው ዘገየና ሁለተኛው አመለጣት፤ ስትደርስ መምህሩ ሰሌዳውን እየጠረገ ነበር። ቤቴ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ከነገ ጀምሮ ፍራሼን ላንሣ» አለች። «እሱ አውቶብስ አይፈልግም።»

ቀልዳ ነበር። ግን ወገቧን ይዛ ነበር የቀለደችው።

እንደገና ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ፤ አሁን ሥራ ቦታቸው። ጎማ እያመጣጠኑ ነበር። ስለ አውቶብሱ ነገርኳቸው። ማሽኑን አጠፉና እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። ስለ ማሞቂያም ስለ በረዶም አላነሡም።

«ለምን ተሳሳትክ ቢሉኝስ?» አሉ። «ሽማግሌ ገብተው ተነሣሁ ልበል? የሚባለው ሁሉ በቪዲዮ ይቀረጻል። አባባ ሰምተው፣ ‹ያ ሁሉ ሰው ከትምህርት የቀረው በእኔ ነው› ብለው መቃብር ይግቡ? ምክንያቱን ካልተናገርኩ ደግሞ፣ ‹ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው መረጣችሁ› ይሉናል። እኔን ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚወዳደረውን ልጅም።»

ያበሳጨኝ ይህ ነው። ከንቱ ኩራት ብቻ ቢሆን ኖሮ መናደድ ቀላል ነበር። እውነት ነበረበት፤ ግን እውነቱ ሁሉ ተሰብስቦ አንዲትን ሴት ፍራሽ ያስነሣታል።

«ጋሼ፣ ምክንያት የጠየቀዎት የለም። ተሳሳትኩ ማለት ብቻ ነው።»

«ስህተት ምክንያት ይፈልጋል፣ እትዬ» አሉኝ። ሲቆጡኝ ነው እትዬ የሚሉኝ፤ አስተማሪ ሆንሽብኝ ለማለት።

ማሽኑን መልሰው አስነሡት። ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ለካ በማግሥቱ በቀጥታ አባባ ቤት ሄዳለች። እኔ ብሆን ሦስት ቀን ዙሪያውን የምዞረውን ነገር እሷ በሩ ላይ ቆማ ጨርሳዋለች፦ «አባባ፣ ክፍሉ አላለፈም፤ እርስዎ ሲገቡ ጋሼ ተነሡና እጃቸው ቀዩን ተጫነው፤ እርስዎን እንዳያሳፍሩ ብለው ዝም ብለዋል።»

አባባ ወዲያው ለወንድሜ ስልክ አስደወሉ። ጎረቤቴ አጠገባቸው ነበረች፤ የሰማሁት ከእሷ ነው። ስትነግረኝ ድምፃቸውን እያስመሰለች ነው።

«አንተ! በእኔ ነው አሉ የምታሳብበው? እኔ ከመዳፍህ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን…»

«ተነሥልኝ ያለህ ማነው? ከተነሣህስ እጅህን ይዘህ አትነሣም? ተባረክ ስልህ ደግሞ አሜን አልክ! በውሸት አሜን አስባልከኝ እኮ!»

«አሜን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እሱ ይብስብሃል!»

ከዚያ ስልኩን ዘጉ። ጎረቤቴ እንደምትለው፣ ከዘጉ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «ለእኔ ብሎ መነሣቱ ግን ደግ ነው» ብለዋል። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩም፤ ለራሳቸው በቂ ምስጋና ነበራቸው።

የሚቀጥለው ስብሰባ ዕለት አባባ ከሁሉም ቀድመው ገቡ። የሕንጻው ሠራተኛ መብራቱን ሳያበራ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር አሉ፤ ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው። አባላቱ አንድ በአንድ ሲገቡ የሚነሣም የሚያስነሣም አልነበረም። ወንድሜ ገብተው አዩአቸውና ቆመው ቀሩ። አባባ በአገጫቸው ወንበሩን አሳዩአቸው። ተቀመጡ።

ሰብሳቢዋ ሌላ ጉዳይ ያለው አባል ካለ ብላ ስትጠይቅ ወንድሜ ማይክሮፎኑን ሳቡ። «ባለፈው ስብሰባ ስለ ማታ ትምህርቱ የተጫንኩት የተሳሳተ ቁልፍ ነው» አሉ። «ልደግፍ ነበር። እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው። ይህችን ለመናገር ነው ያ ሁሉ ማሞቂያ፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ ያ ሁሉ የከተማ ተወካይነት። አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

ለምን ተሳሳትክ ያላቸው አልነበረም። ይልቅ የሆነው ሌላ ነው። ከግራቸው የተቀመጡት ሴትዮ፣ ከተቃወሙት አንዷ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እውነቱን ለመናገር እኔም ስለ ቅጠል መሰብሰቡ የሰጠሁት ድምፅ…» ብለው ጀመሩ። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለነበር የተጫኑትን አላዩትም። እሳቸው ሳይጨርሱ ዳር ያለው ሰውዬ በመንገድ ጥገናው ጊዜ ቡና ሊያስቀምጥ ሲል ብርጭቆው ቁልፉ ላይ እንዳረፈበት ተናገረ። ሦስተኛው አባል ስለ ዛፉ መከርከም እርግጠኛ አይደለሁም አለ፤ የቱን እንደተጫነ ሳይሆን የቱን ሊጫን እንደፈለገ።

ጎረቤቴ ክንዴን ያዘች። «እነዚህ ሰዎች ናቸው ስለ እኛ የሚወስኑት?»

«ዝም በይ።»

«አይ፣ እኔ እኮ ክፍልፋይ አልገባ ያለው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ግንባሯን በሁለት ጣት ይዛ ነበር። የቅጠሉም የመንገዱም ጊዜው አልፎበታል፤ ጸሐፊዋ ይህን ሦስት ጊዜ ማስረዳት ነበረባት። ሴትዮዋ አልተዋጠላቸውም፤ ቅጠል በየጓሮው እንደተቆለለ በምሳሌ ሊያስረዱ ሞከሩ። ክርክሩ ሄደ፣ ሄደ፣ የማታ ትምህርቱ ተረሳ። እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን ተነሥቼ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። የእኛ ሰው ስንት ጭንቀት ተጨንቆ የደበቀው ነገር እነሱ ዘንድ ብርጭቆ ማስቀመጥ ነበር። እንዲህ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ፍራንክሊንተን ማን ይሄድ ነበር?

በመጨረሻ ሰብሳቢዋ መዶሻውን መታች። ለዛሬ ቁልፉ ይቅርብን፣ በስም ይጠራ አለች። ጸሐፊዋ ስም ትጠራ ጀመር። እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ፣ እቃወማለሁ፣ እደግፋለሁ። መነጽር የረሱት ሴትዮ በግልጽ፣ በኩራት፣ አሁንም ተቃወሙ። ወንድሜ ሲጠሩ ወደ ማይክሮፎኑ በጣም ስለተጠጉ «የስ!» ሲሉ አዳራሹ ጮኸ፤ አባባ ጆሯቸውን ያዙ። አራት ለሦስት አለፈ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች እንጂ አላጨበጨበችም። ያለፈውን ጊዜ አልረሳችም። ጸሐፊዋ ውጤቱን ጮክ ብላ እስክታነብ ጠበቅን። ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ፊቷን በሆቴሉ ልብስ እጅጌ ሸፈነች፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልጠየቅኳትም።

ውጭ ስንወጣ ወንድሜ ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ ቆመው ነበር። አባባን መኪና ውስጥ አስገብተዋል።

«ይኸው፣ ቀላል ነበር እኮ» አሉኝ። «እናንተ ናችሁ ያካበዳችሁት።»

የምለው ሞልቶኝ ነበር። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቤ ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ። ግን መኪናው መስኮት ውስጥ አባባ አሉ፤ አጠገቤ ጎረቤቴ አለች፤ ክፍሉም ተከፍቷል።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ። ሁለቱ ቃላት እንዴት እንደከበዱኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ትምህርት በተጀመረ ዕለት ጎረቤቴ በዚያች እግሯ በማትጠብቀው ጠረጴዛ ተቀመጠች፤ ሌላው ሁሉ ተይዞ ነበር። ሒሳብ የእኔ ሥራ አይደለም፤ መምህሩ ሌላ ተማሪ ሲያስረዳ ግን አጠገቧ ተቀመጥኩላት። ሦስት አራተኛን ለሁለት አምስተኛ ማካፈል ነበረባት። ሁለተኛውን ገልብጠሽ አባዢ አልኳት።

«ለምን እገለብጠዋለሁ? አካፍዪ ነው እኮ የሚለው!»

«ደንቡ ነው።»

እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። «አካፍል ሲሉ አባዛ፣ ደግፍ ሲሉ ቃወም! ይህን ልማር ነው ያ ሁሉ ሰው ያበደው?»

«ገልብጪ» አልኳት።

እያጉረመረመች ገለበጠች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር።